ሦስተኛው ቅብ

ቀለም ቀቢ ነኝ እኔ፤ ስሜ አይጻፍም ከሥር።
ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከጠባሴ ሰፈር
እስከ መናኸሪያው፣ ያለው ሱቅ፣ ሥጋ ቤት
በእኔ እጅ ነው የተጻፈ፣ ከነፊደል ስህተት።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራ ይዞልኝ መጣ፦
«የመኳንንትን ፊት ሣል፣ ያውም አሳምረህ፣
ከአንገቱ በታች የእኛን ብርድ ልብስ አልብሰህ።»

መኳንንት ሽብሩ! የማያውቀው ማን አለ?
ጠዋት በሬዲዮ «እንደምን አደራችሁ» ካላለ
ፀሐይዋ የማትወጣ ይመስለን ነበር።
ድምፁ የጅሩ ጭቃ፣ ወፍራምና ጥቁር፣
የያዘውን ጆሮ ቶሎ የማይለቅ፤
ባለሱቁም ሚዛኑን ትቶ አብሮት የሚስቅ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ፤ ጥርሱ ነው ያስቸገረኝ።
ስጨርስ መጥቶ አየው፣ የዝንጅብል ሻይ ጋበዘኝ።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ከደሴ ሲመለስ፣
ደብረ ሲና ወርዶ እግሩን ሲያላውስ፣
ቆሎ ሻጭ ቀረበች፣ እንቅርት ያለባት።
አልገዛትም እሱ፤ በስልኩ አነሳት፣
ከፎቶዋ በላይ ሁለት ቃል ጻፈባት፦
«ቆሎ ከነስልቻው።»
መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ ሳይጨርስ
ቃሉ ቀድሞት ገባ ደብረ ብርሃን ድረስ።

ሳቅን። በየቤታችን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን፣
የስልኩ መብራት አገጫችንን አብርቶልን።
«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባል የለ ድሮ?
ጆሮ ደግፉ እኛ ሆንን፣ ያውም የሺህ ሰው ጆሮ።

ጠዋት ልጇ ጻፈች፣ አሥረኛ ክፍል ናት፦
«ስሟ ጽጌወይን ነው። እናቴ ናት።
አንገቷን በነጠላ ሸፍና ነው የኖረች።
ያን ቀን ንፋስ ነበር።»
ሌላ አልጨመረች።

ይሄኔ ሳቁ ፊቱን አዞረ።
ሌሊቱን ሲንከተከት ያደረ
ጠዋት ካባ ደርቦ ችሎት አስከበረ።
በስድስት ሰዓት ዜና፣ ስሙን እንኳ ሳይጠራው፣
«ባልደረባችን አይደለም» አለ ሬዲዮው።
በዘጠኝ ሰዓት ፋብሪካው፦ «አጥፋው። ነጭ ቀባው።
ዋጋው የሣልክበትን ግማሽ ነው።»

ቀባሁት። መጀመሪያ የጠፋው ጥርሱ ነው፣
ድሮም ነጭ ነበራ፤ ነጭ ላይ ነጭ ምን አለው።
ጉንጩ በሁለተኛው። ዓይኑ ግን እምቢ አለኝ፤
በቀለሙ አልፎ ቁልጭ ብሎ አየኝ።
ከታች ልጆች በስልክ ይቀርጹኛል፦ «ጨምርበት!
ግራ ዓይኑ ቀርቷል! ኧረ ድገምበት!»

ሲመሽ ሰው ተበተነ፤ ብርዱ ገባ ባጥንት።
መሰላሉ ተንገዳገደ። ወደ ታች ሳይ፣ መኳንንት፣
ጋቢ እስከ ቅንድቡ ለብሶ፣ በሁለት እጁ ይዞልኛል።
«ጨርስ» አለኝ። «ብትወድቅ ያንተም በእኔ ይላከካል።»

ከዚያ ነገረኝ ቀስ ብሎ፣ ያ ድምፅ ሟሽሾ፦
«ደብረ ሲና ሄጄ ነበር፣ ይቅርታ ልል።
"ስንት ብርጭቆ ልስፈርልህ?" አለችኝ። "ሁለት" አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ። "ድምፅህን አውቀዋለሁ" አለች ወዲያው፣
"የጠዋቱ ሰውዬ! ምነው ጠፋህብን? አሞህ ነው?"
ልጇ አልነገረቻትም።
እኔም አልነገርኳትም።
ሁለት ብርጭቆዬን ይዤ ተመለስኩ።»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ግማሹን መዳፌ ላይ ገለበጠ።
ልለው ነበር፦ ያን ሌሊት ከሳቁት አንዱ ነኝ፤
ይህ አውራ ጣቴ፣ ይህ ነጭ ቀለም የያዘው፣
ያን የሚስቀውን ቢጫ ፊት ተጭኗል።
አላልኩትም።
የእኔን የሚያጠፋ ቀቢ ማንም አልቀጠረ።

ሦስተኛውን ቅብ በባትሪ ብርሃን ጨረስኩ።
ዛሬ እዚያው ላይ ሳሙና ሥዬበታለሁ፣ አረፋው የበዛ።
ውርጭ ባደረ ጠዋት ግን፣ ፀሐይ ሳይሞቀው፣
ከአረፋው መሐል ሁለት ጥቁር ነገር ይወጣል።
«እርጥበት ነው» እላለሁ ለሚጠይቀኝ።

ቆሎው ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።
አልበላሁትም።